«በጥብቅ እናበረታታለን»

በዘ.ወ.

ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ስለ ክትባት የሚናገሩትን ሰምቶ ራሱን ለሚነቀንቅ ሰው፣ በአንድ ጉዳይ እንኳ «ልክ ብለዋል» ማለት ይተናነቀዋል። ቢሆንም የአሜሪካው የጤና ሚኒስትር እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2025 ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍ.ዲ.ኤ.) የሰጡት መመሪያ ልክ ነበር። የምግብ አምራች ለማንም ሳያሳውቅ «የምጨምረው ነገር ደኅና ነው» ብሎ ለራሱ የሚያጸድቅበትን የ«ግራስ» («በጥቅሉ ደኅንነቱ የታወቀ») መንገድ የሚዘጋ ደንብ ይጠና ነው ያሉት። የገረመኝ መመሪያው አይደለም። ይህን መንገድ ያጸናው የኤፍ.ዲ.ኤ. የ2016 ደንብ የቆመበት ክርክር ይህን ያህል ዓመት ሳይነቀነቅ መኖሩ ነው።

ክርክሩ ሁለት እግር አለው። አንደኛው፣ አምራቹ ራሱ ያጸደቀውም ሆነ መንግሥት መርምሮ የፈቀደው የሚለካው በአንድ መስፈርት ነው፤ ከሁለቱም የሚጠበቀው ጉዳት እንደማያስከትሉ ምክንያታዊ እርግጠኝነት መኖሩ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ አምራቾች ውሳኔያቸውን እንዲያሳውቁን በጥብቅ እናበረታታለን ይላል።

ያበረታታሉ! የቃሊቲ መንገድ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ፣ መንጃ ፈቃድ ብታወጡ ደስ ይለኛል እያለ ሾፌሮችን በፈገግታ ሲያሳልፍ ነው የታየኝ።

መስፈርቱ አንድ ነው እንበል። ለኪውስ ማን ነው? ከ1997 እስከ 2012 ለኤፍ.ዲ.ኤ. በፈቃደኝነት የቀረቡ 451 የግራስ ማሳወቂያዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2013 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የውስጥ ደዌ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። በ22.4 በመቶዎቹ ላይ «ደኅና ነው» ብሎ የወሰነው የአምራቹ የራሱ ሠራተኛ ነው። በ13.3 በመቶዎቹ ላይ የወሰነው አምራቹ የመረጠው አማካሪ ድርጅት ሠራተኛ ነው። የቀሩትን 64.3 በመቶ የወሰነው አምራቹ ወይም አማካሪው የሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ ነው። ደምሩት፤ መቶ ይመጣል። አምራቹ ያልመረጠው ገለልተኛ ወገን የወሰነው አንድም የለም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ እነዚህ ጨዋዎቹ ናቸው፤ ሳይገደዱ መጥተው ሰነዳቸውን ያስረከቡት። ያልመጡትን ማንም አልቆጠራቸውም፤ እንዴትስ ይቆጠራሉ? የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ የኤፍ.ዲ.ኤ. ቁጥጥር የአዳዲስ የግራስ ውሳኔዎችን ሁሉ ደኅንነት ለማረጋገጥ እንደማያስችል በግልጽ ጽፎ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ የወጣው ደንብ ያንኑ ፈቃደኝነት አጸናው። በ2021 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡ ከሕግ ውጭ አይደለም ብሏል። አይሁን። የማያየውን ሰነድ «በአንድ መስፈርት ይለካል» የሚል ተቆጣጣሪ ግን ሕግ ባይጥስም ስለማያውቀው ነገር እየመሰከረ ነው።

ነገሩ ሕይወት ያለው ተሕዋስ ላይ ሲደርስ ይብሳል። የምግብ ማቆያው ሶዲየም ቤንዞኤት ሆድ ውስጥ ገብቶ አይራባም፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ ዘረመሉንም ለጎረቤቱ ያወርሳል። ሕጉ ከ1958 በፊት በምግብነት ለተለመደ ነገር መንገዱን ያቀለዋል። ይህ ለእርጎና ለእርሾ ይገባቸዋል፤ ጤፋችን በዚህ ሚዛን የሚፈራው የለም። ችግሩ ያለው፣ በቤተ ሙከራ ተለይቶ፣ ደርቆ፣ በአንድ መጠን ቢሊዮኖች ሆኖ የሚታሸግ አዲስ ስትሬይን (የአንድ ዝርያ ንዑስ ዓይነት) የዝርያውን መልካም ስም ለብሶ ሲገባ ነው።

ኢንቴሮኮከስ ፌሲየምን ውሰዱ። አይብ ውስጥ ማንንም ሳይነካ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቫንኮማይሲንን ተቋቁሞ ሕመምተኛ የሚገድለውም በዚሁ ስም ይጠራል። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (አፍኮ) ለእንስሳት በቀጥታ የሚሰጡ ተሕዋስያንን በሚዘረዝርበት መዝገብ ላይ በዝርያ ስሙ ሰፍሯል። ፓርማ የተቀመጠው የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን (ኢፍሳ) ግን ከ2007 ጀምሮ በያዘው፣ «ደኅና ናቸው ብለን እንነሣለን» በሚላቸው ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። እያንዳንዱ ስትሬይን ለብቻው ይምጣ ይላል። አምፒሲሊን በሊትር ከ2 ሚሊግራም ባልበለጠ መጠን ሊያቆመው ይገባል፤ የሆስፒታሎቹ ወንድሞቹ የሚታወቁባቸው ሦስት የዘረመል ምልክቶችም ሊገኙበት አይገባም። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለመኖ የሚቀርብ የማንኛውም ባክቴሪያ ሙሉ ዘረመል ተነብቦ ይቅረብ ተብሏል።

ይህ የቢሮክራሲ ቅንጦት አይደለም። ቶዮሰሪን የተባለው፣ ሌላ ባክቴሪያ የያዘ የመኖ ተጨማሪ በአውሮፓ ለዶሮ፣ ለአሳማና ለከብት ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። በ2012 ስትሬይኑ ሲመረመር ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮልን የሚቋቋሙ ዘረመሎች ተገኙበት፤ መርዝ የማምረት ችሎታም ነበረው። በ2013 ፈቃዱ ታገደ። የዓመታት አገልግሎቱ አላዳነውም።

አንባቢ «ታዲያ የሞተ አለ?» ይል ይሆናል። በ2023 በአሜሪካ ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ ፕሮባዮቲክ ተሰጥቶት በደም መመረዝ ሞተ። በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያ ዘረመል ሲነበብ ከምርቱ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ቢፊዶባክቴሪየም ነው፤ ጡት በሚጠቡ ጤነኛ ሕፃናት አንጀት ውስጥ እንደ ወዳጅ የሚቆጠር። ኤፍ.ዲ.ኤ. በዚያው ዓመት ለሆስፒታሎች ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ለየትኛውም ዕድሜ ላለ ሕፃን በመድኃኒትነት የፈቀድኩት ፕሮባዮቲክ የለም አለ።

እዚህ ላይ ግን የእኔም ክርክር ይንገዳገዳል። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ብዙ ሆስፒታሎች መስጠቱን ሲያቆሙ፣ የተቃወሙ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞችና ወላጆች ነበሩ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን አንጀት የሚያበሰብስ፣ ብዙዎቹን የሚገድል ሕመም አለ፤ ፕሮባዮቲክ ያንን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። አንድ ሕፃን በተሰጠው ባክቴሪያ መሞቱ ይታያል፤ ባልተሰጠው ምክንያት የሚሞተው በስም አይታወቅም። ጥብቅነት ሁልጊዜ ያድናል የሚል ካለ፣ ለእነዚያ ሐኪሞች ይንገራቸው።

ጉዳዩ የአሜሪካውያን ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። «ግራስ» የምትለው ቃል ከአሜሪካ ወደብ ስትወጣ ማኅተም ትመስላለች። ለቢሾፍቱ ዶሮ አርቢ የፕሮባዮቲክ ዱቄት የሚያመጣ አስመጪ ቃሏን ከነወረቀቷ ቢዘረጋ፣ «ማን ነው የወሰነው? የአምራቹ ሠራተኛ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ወረቀቷን ከላይ ማየት አይበቃም፤ የስትሬይኑን ቁጥርና የዘረመሉን ንባብ መጠየቅ ይኖርበታል የእኛ ተቆጣጣሪ።

ወደ ሚኒስትሩ ልመለስ። መመሪያው በወጣ በ17ኛው ቀን መሥሪያ ቤታቸው ከኤፍ.ዲ.ኤ. ብቻ 3,500 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀነሱ አስታወቀ። ምግብና መድኃኒት የሚመረምሩት አይነኩም ተብሏል፤ እሺ እንበል። ዛሬ በዓመት የሚታዩት ማሳወቂያዎች በአማካይ 75 ናቸው፤ በፈቃዳቸው የሚመጡት ማለት ነው። ማሳወቅ ግዴታ ሆኖ ሁሉም ሰነዱን ታቅፎ ቢመጣ 75ቱ ስንት እንደሚሆኑ የሚገምት አላገኘሁም። አስተዳደሩ ሰነድ አይቶ ሲጨርስ የሚጽፈው ደብዳቤ ደግሞ ፈቃድ አይደለም፤ «በአሁኑ ጊዜ ጥያቄ የለንም» ነው የሚለው። ያን ጊዜ ጥያቄ የለንም ያሉት አንብበው ይሁን ፋታ አጥተው፣ ደብዳቤውን የያዘው በምን ይለየዋል?