ብቻዋን ብስክሌት ለምትነዳው

ባለፈው ወር ከገንዳ ውኃ አንዲት እናት ደብዳቤ ላኩልኝ። ልጃቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ከጤና ኬላዋ እየተነሣች መንደር ለመንደር በእግር መዞሩ ስላደከማት፣ ወፍራም ጎማ ያለውን፣ ወጣቶቹ «ማውንቴን» የሚሉትን ብስክሌት ከደመወዟ ቆጥባ ገዝታለች። እናት እንቅልፍ አጥተዋል። «ሲስተር፣ ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ በረሃ! እርስዎን ትሰማለችና እንድትተወው አንድ ነገር ይበሉልኝ» ይላሉ።

እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንድትተወው አልነግራትም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተብሎ ነው የታሰበው። አንዷ ኬላ ስትውል ሌላዋ ቤት ለቤት ትዞራለች። እንግዲህ ልጅዎ ብስክሌት ሳትገዛም ብቻዋን ስትሄድ ኖራለች ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የእግር መንገድ ብስክሌቱ ግማሽ ሰዓት ካደረገላት፣ ፀሐይ ላይና ሰው በሌለበት የምትቆይበት ጊዜ ቀነሰ። እኔ በነርስነት ያን ቆላ በእግሬ ስዞር እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ኖሮ እሰየው ነበር።

ሴት ብቻዋን በብስክሌት መሄዷ ለዓለምም አዲስ አይደለም። ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ ተነሥታ ብቻዋን በብስክሌት ህንድ ገብታለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እኛ አገር መጥታ፣ «ጆክ» ብላ ስም ካወጣችለት በቅሎ ጋር የሰሜንን ተራሮችና ጎንደርን በእግሯ አቋርጣለች። በኢትዮጵያ መንገዷ ሽፍቶች ዘርፈዋታል። ሆኖም ጉዞዋን ጨርሳ መጽሐፍ ጽፋበታለች። ወደ ህንድ ስትሄድ ሽጉጥ ይዛ ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ልቤ የሚያርፈው በሌላው ነገር ነው። በአገራችን ብዙውን ጊዜ የምታድረው ገበሬ ቤት ነበር። የተነሣችበት ቤት መሄዷን ያውቃል፣ የደረሰችበት ቤት መምጣቷን ያያል። ብቻዋን የምትሄድን ሴት ከምንም በላይ የሚጠብቃት ይህ ይመስለኛል።

ልጄ፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ካንቺ ጋር ነው።

ስትነሺ የትኛው ጎጥ እንደምትሄጂ፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ለሁለት ሰው ንገሪ፤ ለባልደረባሽና እዚያ ለሚቀበልሽ ሰው። «እደውላለሁ» ማለት አይበቃም፣ በቆላው ኔትወርክ የማይገባበት ስንት ሸለቆ አለ! «እስከ 5 ሰዓት ካልደረስኩ ሰው ይላክልኝ» በይ። የሚላከው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቅ፤ አለበለዚያ «እገሌ ይሄዳል» ሲባባሉ ይመሻል። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ግን መንገድሽን ለማንም አታውሪ። ሻይ ቤት ተቀምጦ «ነገ ወደ የት ነሽ?» ለሚልሽ «እንጃ፣ እንደ ሥራው» ብለሽ እለፊ። ሰዓትሽና መንገድሽም በየሳምንቱ አንድ ዓይነት አይሁን።

የደህንነት ነገርን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ከሱዳን ጦርነት ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ፣ በዚያ መስመር እገታና ዘረፋ እንደሚሰማ አንባቢዎቼ ሁሉ ያውቃሉ። ጠዋት ሳትነሺ የመንገዱን ወሬ ከእረኛ፣ ከሹፌር፣ ከገበያተኛ ጠይቂ። ገበያተኛ ከመንገድ ከጠፋ አንቺም ቅሪ። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ብልሃትም፣ ፍጥነትም፣ ጥሩ ብስክሌትም አያድንም። አለቃሽ ሪፖርት ቢጠይቅ «መንገዱ አልተከፈተም» ብለሽ ጻፊ፤ ሪፖርት ይቆያል።

አሁን እናቶች ብዙ ወደማይፈሩት፣ እኔ ግን ደጋግሜ ወዳየሁት ልምጣ። ሙቀት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቆላ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ብስክሌት ላይ ነፋሱ ላብሽን ስለሚያደርቀው ምን ያህል ውኃ እንደወጣሽ አይታወቅሽም። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተሽ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጥላ ውስጥ ግቢ፤ መመለሻሽ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ለአንድ ሰዓት መንገድ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውኃ ያስፈልግሻል፣ ከዚያ በላይ ያዢ። አንድ ፓኬት ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ መያዝም ጥሩ ነው፤ ለሕፃናት ብቻ የተሠራ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር ቁርጥማት ከጀመረሽ ውረጂ፣ ጥላ ፈልጊ፣ ነጠላሽን አርጥበሽ አንገትሽና ብብትሽ ላይ አድርጊ። ሰው መቀባጠር ከጀመረ ወይም ከወደቀ ግን ነገሩ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ውኃ እያፈሰሱና እያራገቡ ማቀዝቀዝ፣ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ።

ሴቶች ውኃ ይዘው ለምን አይጠጡም? ለዓመታት ያስተዋልኩት ነገር አለ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ነው። ወንዱ ዞር ብሎ ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ሴቷ ግን ሜዳው ገላጣ ነው፣ ሰው ያየኛል፣ እባብ አለ፣ ብላ ጠዋት ሻይዋን እንኳ ትተዋለች። ከዚያ ቀትር ላይ ራሷን ያዞራታል፣ በሳምንቱ ደግሞ ሽንቷ ሲያቃጥላት ወደ እኛ ትመጣለች። ልጄ፣ ጠጪ። ሰፊ ቀሚስ ወይም ሽርጥ ይዘሽ ሂጂ፣ እርሱን ከለበስሽ ሜዳውም መጋረጃ አለው። በምትዞሪባቸው መንደሮች ደግሞ መጸዳጃ ቤት ያላቸውን ሁለት ሦስት እማወራዎች ወዳጅ አድርጊ። መጸዳጃ ቤት እንዲቆፍሩ ያስተማርሻቸው አንቺ አይደለሽ?

በክረምት ዋልካው ጎማና ፍሬን መሀል ገብቶ እንደ ሊጥ ይይዛል፤ ያኔ ብስክሌቱን ብትሸከሚው እንጂ አይሸከምሽም። በበጋ ያው ዋልካ ይሰነጠቅና የፊት ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ይሆናል። የግራር እሾህማ ጎማ ሲበሳ ዓመቱን ሙሉ ነው። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መንፊያ ሳትይዢ አትነሺ፤ ጎሚስታ ያለው ከተማ ብቻ ነው። ራስሽን በሄልሜት ሸፍኚ። ነጠላሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፣ ጫፉ ጎማ ላይ ከተጠመጠመ በአፍጢምሽ ይተክልሻል። ሱሪ ከሥር ልበሺ፣ ሰው የሚለውን ይበል።

ውሻ ሲያባርርሽ ለማምለጥ አትሞክሪ። ወርደሽ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መካከል አድርጊና ባለቤቱን ተጣሪ። ከነከሰሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ፣ ከዚያ ለክትባት ሂጂ፤ «ውሻው የጎረቤት ነው» ተብሎ አይታለፍም። እባብ ከነደፈሽ ደግሞ አትቁረጪ፣ አትምጠጪ፣ በገመድ አንቀሽ አትሰሪ። ፔዳልም አትምቺ፣ እንቅስቃሴ መርዙን ያሰራጨዋል። የተነደፈው እግር እንደ ተሰበረ አጥንት ሳይንቀሳቀስ፣ በሰው ሸክም ወይም በመኪና ወደ ሕክምና ይወሰድ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብደራፊ ከካላአዛር ጎን ለጎን የእባብ ንድፊያ ሲያክሙ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ካላአዛርን ካነሣሁ አይቀር፣ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን በዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጋ ውላ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ ነው። ከመሸብሽ ግራር ሥር ከመተኛት ሰው ቤት፣ አጎበር ውስጥ እደሪ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለብሽ የወባ መድኃኒት ውጦ ዝም ማለት አይገባም፣ ተመርመሪ።

የመጨረሻውን ከባድ ነገር በግልጽ ልናገረው። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ከተደፈረች ጥፋቱ የመንገዱም የብስክሌቱም የእርሷም አይደለም፣ የደፋሪው ነው። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ወይም ሳታጥብ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ቤተሰብ እስኪመክር እየተባለ ሦስት ቀን ሲያልፍ አይቻለሁ። ይህን ሰዓት ማንም ሊያባክንባት መብት የለውም።

እናት በደብዳቤያቸው ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት አንድ ጥያቄ ጨምረዋል። ብስክሌት የልጃገረድ ክብረ ንጽሕና ይወስዳል ይባላል፣ እውነት ነው? እህቴ፣ አይወስድም። ያ ስስ ሥጋ ከሴት ሴት ይለያያል፣ ያለ አንዳች ግንኙነት በስፖርት ሊሳሳ ይችላል፣ ከተወለዱ ጀምሮ እዚህ ግባ የማይባል የሆነባቸውም አሉ። ስለዚህ የማንንም ድንግልና አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር የሕክምና መሠረት የለውም፣ ይቅር ብሏል። መሐንነትም አያመጣም። የሚያመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመቀመጫ ሕመም ነው። ለእርሱ ኮርቻውን ልክ በሆነ ከፍታ ማሰር፣ ጥጥ የውስጥ ሱሪ መልበስ፣ ስትደርስ ገላን ታጥቦ ማድረቅ ይበቃል።

ደመወዟን ቆጥባ ብስክሌት የገዛች ሠራተኛ ያላችሁ የወረዳ ኃላፊዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና ሄልሜት ብትገዙላት ምን ያህል ያስወጣችኋል?