ወይዘሪት ሲሞን ቬይን በምን እናስታውሳት?

ስለ ሞተ ደራሲ ሲጻፍ ልማዱ ማመስገን ነው። የተወለደበት ዘመን ይነገራል፤ መጻሕፍቱ ይቈጠራሉ፤ በመጨረሻም ስሙ ከመቃብር በላይ እንደሚኖር ተገልጾ ጽሑፉ ይዘጋል። እኔ ግን ስለ ፈረንሣዊቷ መንፈሳዊ ጸሐፊ ስለ ወይዘሪት ሲሞን ቬይ ስጽፍ ከዚህ ልማድ ጥቂት ወጣ እንድል አንባቢዎች ይፍቀዱልኝ። ይህች ሴት ከሞተች ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ስምዋ ግን ዛሬም ይነሣል። ዳሩ ግን ሰዎች የሚያነሡላት ነገር ዋናው ነገርዋ አይመስለኝም። ዋናው ነገርዋ ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች የተጻፈ ነው።

ሲሞን ቬይ እ.ኤ.አ. በ1909 በፓሪስ ከተማ ተወለደች። ወላጆችዋ በዘር አይሁድ ቢሆኑም ሃይማኖት የሚጠብቁ ሰዎች አልነበሩም። ፍልስፍናን ተምራ በ1931 የመምህርነት ማዕረግ ካገኘች በኋላ በልጃገረዶች ተማሪ ቤት ታስተምር ጀመር። በ1934 መጨረሻ ግን ከማስተማሩ ፈቃድ ወስዳ የሠራተኛውን ኑሮ በገዛ ሥጋዋ ለማወቅ ስትል በፋብሪካ ተቀጠረች፤ ከሠራችባቸውም ፋብሪካዎች አንዱ የሬኖ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ነው። ብርቱ የራስ ምታት የማይለያት ሰው እንደ ነበረች ላሰበ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1938 የሕማማትንና የፋሲካን ሰሞን በሶሌም ገዳም ስታሳልፍ፥ ራስዋን እያመማት የመነኰሳቱን ዜማ ስትሰማ፥ የክርስቶስ መከራ በልብዋ ገባ። ይሁን እንጂ ወዳጅዋ የዶሚኒካኑ መነኵሴ አባ ፔራን ስለ ጥምቀት ብዙ ቢያነጋግራትም፥ ከውጭ ከቀሩት ሰዎች አልለይም በማለት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ መቆምን መረጠች።

ጀርመኖች ፈረንሣይን በያዙ ጊዜ ወደ ማርሴይ፥ ከዚያም በ1942 ወደ ኒው ዮርክ፥ ቀጥሎም ወደ ሎንዶን ሄደች። በሎንዶን ሳለች የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። ሐኪሞች በደንብ እንድትመገብ ቢያዝዙም በጠላት እጅ ያሉት ወገኖችዋ ከሚያገኙት የበለጠ አልበላም አለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1943 አሽፈርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ34 ዓመትዋ ዐረፈች። የአሟሟትዋን ምክንያት የመረመረው ሹም አእምሮዋ ታውኮ ምግብ በመከልከል ራስዋን አጠፋች ብሎ ፈረደ። በቀብርዋ ዕለት ሊመጣ የነበረው ቄስ ባቡር ስላመለጠው ጸሎቱን ያነበበው አንድ ወዳጅዋ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስለ እርስዋ የሚነሣው ክርክር «ቅድስት ናት ወይስ ራስዋን የገደለች?» የሚል ነው። እኛ ጾም በሚታወቅበት አገር ያደግን ልጆች ለዚህ ክርክር የምንለው አናጣም። የሞተችበት ቀን በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 18 ነውና፥ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕመምተኛ እንዲጾም አይገደድም። የንስሐ አባት ቢኖራት ኖሮ «ልጄ፥ አንቺ ታመሻል፤ ብዪ» ብሎ ባዘዛት ነበር። በደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ግን እንዲህ ብሎ የሚያዝዘው አባት የለውም፤ ከአባ ፔራንም ባሕር ለይቷት ነበር። እኔ በበኩሌ ቅድስትም ራስ ገዳይም አልላትም፤ የሚያዝንላትና የሚገሥጻት ሰው በአጠገብዋ ያልነበረ ሕመምተኛ ነበረች እላለሁ። ከዚህ የበለጠ መከራከር ጽሑፍዋን ከመሸፈን በቀር ጥቅም አይታየኝም።

ሁለተኛው የማልወደው አስተዋወስ ቍርጥራጭዋን መልቀም ነው። በሕይወትዋ ሳለች ጽሑፎችዋ በመጽሔቶች ላይ ከመውጣታቸው በቀር አንድ መጽሐፍ እንኳ አልታተመላትም። በስፋት የታወቀችው በ1947 በወጣው መጽሐፍ ሲሆን፥ ይኸውም ጉስታቭ ቲቦን የተባለ ወዳጅዋ ትታለት ከሄደችው የማስታወሻ ደብተሮች መርጦ በየአርእስቱ ያደራጀው ነው። ቲቦን መልካም አደረገ፤ እርሱ ባይኖር ብዙ ሰው ስምዋን ባልሰማም ነበር። የዛሬዎቹ ግን ከተመረጠው እንደ ገና መርጠው አንዲት ዐረፍተ ነገር በፎቶግራፍዋ ሥር አድርገው በስልክ ይቀባበላሉ። ስለ ትኵረት የጻፈችን ሴት በሦስት ሴኮንድ አንብቦ ማለፍ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ባያሳዝን።

እኔ የማወራለት ጽሑፍ አጭር ነው። በ1942 አባ ፔራን ለሚያገኛቸው ተማሪዎች ይጠቅም ዘንድ የጻፈችው ሲሆን፥ ከሞተች በኋላ በ1950 «እግዚአብሔርን መጠበቅ» በሚለው መጽሐፍዋ ውስጥ ታትሟል። ነገሩም ተማሪ ቤት የምንማረው ትምህርት ለጸሎት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። መልስዋ እንዲህ ነው፤ ጸሎት ማለት ነፍስ ያላትን ትኵረት ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ማቅናት ነው፤ የተማሪ ቤት ሥራም፥ ሒሳብ ቢሆን ቋንቋ፥ ይህን ትኵረት ያለማምዳል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በአንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ላይ ሙሉ ሰዓት በእውነተኛ ትኵረት ተቀምጦ መልሱን ባያገኝ እንኳ ያ ሰዓት አልጠፋም፤ እርሱ ሳያውቀው በሌላ በኩል ወደ ፊት ሄዷል። ፍሬውም አንድ ቀን በጸሎቱ ላይ ይታያል።

የትኵረትዋ ዐይነት ደግሞ እኛ እንደምናስበው አይደለም። መምህር «ልብ በሉ!» ሲሉን ግንባራችንን እንቋጥራለን፥ ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስለ ምን ልብ እንዳልን ብንጠየቅ መልስ የለንም። እርስዋ ይህን የጡንቻ ድካም ትለዋለች። እውነተኛው ትኵረት ሐሳብን ባዶና ዝግጁ አድርጎ፥ ለመልሱ ሳይቸኵሉ፥ እውነቱ እስኪገለጥ መጠበቅ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ሰቂለ ኅሊና ከሚሉት ጋር የሚቀራረብ ይመስለኛል። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪም ይህን ሳያውቀው አይቀርም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስል ውሎ ቅኔው ሳይመጣለት ወደ ጉባኤው ቢመለስ መምህሩ ቀኑን በከንቱ አሳለፍኸው አይለውም።

ይህን የምትለውም ለሌላው ብቻ አይደለም። በ1941 የወይን ለቀማ ሥራ ስትሠራ አባታችን ሆይን በግሪክኛ በቃልዋ ይዛ በየቀኑ ትደግመው ነበር፤ ሐሳብዋ ለቅጽበት ወደ ሌላ ነገር ከሸሸባትም እንደ ገና ከመጀመሪያው ትነሣለች። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ስንት ነገር በችኰላ እንደምናነበንብ የሚያውቅ ተማሪ ይፍረድ።

እዚህ ላይ ግን ከወይዘሪት ሲሞን ጋር የማልስማማበት አለ። ተማሪ ማርክ ለማግኘት ወይም ፈተና ለማለፍ ሳያስብ ይሥራ ትላለች። እርስዋ በ1928 ከፈረንሣይ ታላላቅ ተማሪ ቤቶች ወደ አንዱ በውድድር ፈተና የገባች ናት፤ ፈተናን ካለፉት በኋላ መናቅ አያስቸግርም። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባት ልጁ ስለ ማርክ አላስብም ቢለው ምን ይሰማዋል? እንዲህ ያለው ልጅ ስለ ፈተና ማሰቡ ከትዕቢት አይቈጠርም፤ ወላጁን ማክበር ነው። ይህን ለወላጆቻችን ደስታ ብቻ ስል አልጻፍሁትም።

ሆኖም ማርክ ብቻውን መለኪያ ሲሆን ምን እንደሚደርስ አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልሠሩም እንበላቸውን? በየሰፈሩ እንዲህ የተባሉ አሉ፤ ራሳቸውም አምነውት የተቀመጡ አሉ። ለእነርሱ የሚሆን ነገር ያገኘሁት ከዚህች ሴት ነው። ወንድምዋ አንድሬ በኋላ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። በ14 ዓመትዋ ራስዋን ከእርሱ ጋር እያስተያየች፥ እኔ ወደ እውነት አገር አልገባም ብላ ሞትን እስከ መመኘት ደርሳ ነበር። ከብዙ ወራት ጭንቀት በኋላ፥ ተሰጥዎው ከምንም የማይቈጠር ሰው እንኳ እውነትን ከወደደና ትኵረቱን ካላቋረጠ ይገባል የሚል እምነት አደረባት። ይህን በዕድሜዋ ሁሉ አልተወችውም።

መምህሮቻችን ይፍቀዱልኝና ከጽሑፍዋ አንድ ነገር በክፍላችን ቢለመድ እወዳለሁ። የታረመ ወረቀት ሲመለስልን ቍጥሩን አይተን እንደሰስታለን ወይም እናዝናለን፤ ከዚያም አጥፈን ቦርሳ ውስጥ እንከተዋለን። እርስዋ ግን ስሕተትን በቀስታ፥ ምክንያት ሳይሰጡ፥ ከየት እንደ መጣ እስኪታወቅ ድረስ መመልከትን ከትምህርት ሁሉ ከፍ አድርጋ ታየዋለች፤ ከዚህ የሚገኘውን ትሕትና ሌላ ትምህርት አይሰጥምና። ወረቀት በተመለሰ ቀን ከክፍለ ጊዜው ዐሥር ደቂቃ ለዚህ ብቻ ቢሰጠን ብዙ ነውን?

በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተቸገረን ሰው መውደድ ማለት ምን እንደ ሆነብህ ጠይቆት መልሱን መጠበቅ መቻል ነው ትላለች፤ ይህም ያው በጂኦሜትሪው ጥያቄ ላይ የተለማመድነው ትኵረት ነው። ዘንድሮ ውጤታችን ሲወጣ ከመካከላችን የማያልፍ ይኖራል። እርሱን «ስንት አመጣህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም።

አስተያየቴን የማይቀበል፥ በተለይም ስለ አሟሟትዋና ስለ ማርክ ያልሁትን የሚነቅፍ ሰው ካለ፥ ጽሑፍዋን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ይመልስልኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ከዚህ ተማሪ ቤት ባልኖርም መጽሔቱን ፈልጌ አነባለሁ።