ለሐኪም ስህተት ቅጣት ወይስ ግልጽነት?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 በናይሮቢው ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ሐኪሞች የአንድን በሽተኛ የራስ ቅል ከፍተው የረጋ ደም ሲፈልጉ ቆዩ። ደሙ አልተገኘም። ከሰዓታት በኋላ እንደታወቀው ቀዶ ሕክምናው የታዘዘው ለሌላ በሽተኛ ነበር። የሁለቱ የስም መለያ ተቀያይሯል፤ የተከፈተው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል የጭንቅላት እብጠት ብቻ ነበረበት።

ሆስፒታሉ ስህተቱን አምኖ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉትን ሬዚደንት ሐኪም፣ ሁለት ነርሶችንና የማደንዘዣ ባለሙያውን አገደ። የጤና ሚኒስትሯ ሲሲሊ ካሪዩኪም ዋና ሥራ አስኪያጇ ፈቃድ ወጥተው እንዲቆዩ አዘዙ። የሐኪሙ ባልደረቦች በበኩላቸው፣ መለያ ማሰር የሐኪሙ ሥራ አይደለም ብለው እገዳውን ተቃወሙ።

እገዳውን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ወደዚህ ሆስፒታል የሚመጣው ብዙው ሰው ሌላ አማራጭ የለውም፤ ራሱን በባለሙያዎቹ እጅ አሳልፎ ይሰጣል። የሰው ራስ በስህተት ተከፍቶ ማንም የማይጠየቅ ከሆነ፣ ይቅርታ መጠየቁ ለቤተሰቡ ምን ትርጉም ይኖረዋል?

የተቃዋሚዎቹም ነጥብ ከባድ ነው። በሽተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ቢላዋው እስኪያርፍበት ድረስ በብዙ እጅ አልፏል፤ አንዱም አላስቆመውም። የመጨረሻውን ሰው ብቻ መቅጣት የቀሩትን ዝም ያሰኛል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር የሚጀምረው የበሽተኛውን ማንነት በማረጋገጥ ነው። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች በተደረገው የዝርዝሩ ሙከራ፣ የሟቾች መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ሆስፒታሎች ሲጠኑ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። የምክንያቱ ክርክር ባይዘጋም፣ ወረቀቱን ምልክት አድርጎ ማለፍና «ቆይ፣ ይህ ሰው ማነው?» ብሎ መጠየቅ አንድ እንዳልሆነ ማንም ይረዳል። ነርሷ ሐኪሙን እንዲህ ብላ ማስቆም የምትችለው ሳትፈራ ስትሠራ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የያዙት እውነት መለየት አለበት እላለሁ። በሽተኛውና ቤተሰቡ እውነቱን፣ ሕክምናውንና ካሳውን ሳይውል ሳያድር ማግኘት አለባቸው፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ማጣራቱን እያወቀ የዘለለ ወይም ጥፋቱን የሸሸገም ይቀጣ። ተሳስቶ ወዲያው የተናገረን ባለሙያ ግን ከሸሸገው ጋር አንድ ላይ መቅጣት ፍትሕ አይደለም፤ ለቀጣዩ በሽተኛም አይበጅም። ሆስፒታል ከስህተቱ ተማረ የሚባለው ያገዳቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ሲረዝም አይደለም፤ ሠራተኞቹ ለጥቂት የከሸፈውን ስህተት ጉዳት ሳይደርስ በገዛ ፈቃዳቸው ማሳወቅ ሲጀምሩ ነው።