ከሰዓቱ በፊት የግፊት መለኪያው ይገዛ

«ስማርት ዋች ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ነገር የከተማው ሰው ጥያቄ ሆኗል። በማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚወጣና የሚወርደው ወጣት ይጠይቀዋል። ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያለው የሃምሳ ዓመት የቢሮ ሰው ይጠይቀዋል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የምትኖር ልጅ ለአባቷ ምን እንደምትልክ ስታስብ ትጠይቀዋለች። ሻጩ ግን ምንም ጥርጣሬ የለውም። በማስታወቂያው ላይ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ ኦክስጅን፣ እንቅልፍ፣ ካሎሪ ብሎ ደርድሮ «ጤናዎ በእጅዎ ላይ!» ይላል።

ነገርን ከሥሩ ነውና መልሱን ከፊት ማስቀመጥ ይሻላል። ይህን ጥያቄ ከሚጠይቁት ሰዎች ለአብዛኞቹ ሰዓቱ አያስፈልግም። ለጥቂቶቹ ይጠቅማል። ለአንዳንዶቹ ደግሞ፣ በተለይ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ላለባቸው፣ በተሳሳተ መንገድ ከተሸጠላቸው አደጋ ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚያስጨንቅበት ቁጥር፣ ስለ 10,000 እርምጃ። ብዙ ሰው ይህ ቁጥር ከሕክምና ምርምር የወጣ ይመስለዋል። መነሻው ግን ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክን አዘጋጀች፤ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያጠለቀበት ያው ኦሊምፒክ ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ የስፖርት ስሜት በጋለበት በዚያ ወቅት፣ በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙን «ማንፖ-ኬይ» አለው፤ ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። ቁጥሩ ለአፍ የሚጥም ድፍን ቁጥር ስለነበር ተወደደ፣ ቀረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው በአማካይ 72 የሆነ 16,741 አሜሪካውያት ሴቶችን ተከታትለው በ2019 ውጤቱን አሳተሙ። በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እስከ 7,500 ገደማ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ ማታ በሦስት ሰዓት ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ «2,000 ቀረኝ» የሚለው ሰው የሚታዘዘው ከሐኪም ይልቅ ለስልሳ ዓመት ማስታወቂያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓቱ የሚለካውን በትክክል ይለካል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ውሸት ነው ማለት ራሱ ውሸት ነው። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ደም በደም ሥር ውስጥ በፈሰሰ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን መጠን ስለሚለዋወጥ ከዚያ ተነሥቶ የልብ ምትን ይቆጥራል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ሰባት ዓይነት የእጅ መለኪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለክተዋል። ጥሩ ነው። ወደ ካሎሪ ሲመጣ ግን ሁሉም ወደቁ። የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የባሰው 93 በመቶ። እንግዲህ ሰዓቱ «600 ካሎሪ አቃጥለሃል» ሲለው ተደስቶ አንድ ሳህን ጥብስ የሚያዝዝ ሰው ሒሳቡን በምን ላይ እንደሠራ ያስበው።

በዚያው ጥናት ስህተቱ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ለኢትዮጵያዊ ገዢ ትንሽ ነገር አይደለም። ብርሃን ተጠቅሞ የሚለካ መሣሪያ የቆዳ ቀለም ያስቸግረዋል። በ2020 የሚሺጋን ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እንኳን የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፈው ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ሐኪም የሚመካበት መሣሪያ ነው። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የተነሣ፣ በማን ላይ እንደተፈተነ የማይታወቅ ሰዓት «ኦክስጅንህ 98 ነው» ሲል ማን ላይ ተለክቶ ነው ብሎ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ሻጩ ግን መልስ የለውም።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ብዙዎች ሰዓቱን የሚገዙት ለመክሳት ነው። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ለሁለት ዓመት ፈተነ። 471 ወጣቶች ተመሳሳይ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ተሰጣቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ በሰውነት ላይ የሚለበስ መለኪያ ተጨመረላቸው፣ የቀሩት ራሳቸው እየመዘገቡ ቀጠሉ። በ2016 የታተመው ውጤት ሻጮች የማይጠቅሱት ዓይነት ነው። መለኪያ ያደረጉት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ ያላደረጉት 5.9 ኪሎ ቀነሱ።

እዚህ ላይ የሰዓቱ ወዳጅ «ሰውን ያነሣሣል እኮ!» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። እውነት አለው። በ2022 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዲህ ያሉ መቁጠሪያዎች የሚጠቀሙ ሰዎች በቀን ወደ 1,800 እርምጃ እንደሚጨምሩና ወደ አንድ ኪሎ እንደሚቀንሱ አግኝቷል። ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይህን ሥራ የሚሠራው መቁጠሩ ነው፤ ለመቁጠር ደግሞ ውድ ሰዓት አያስፈልግም። ዛሬ አብዛኛው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ እርምጃ ይቆጥራል። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏል። ሰዓቱን ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ለአንድ ወር በስልኩ ይቁጠር። በሁለተኛው ሳምንት መተግበሪያውን መክፈት ከረሳ፣ ሰዓቱንም በሁለተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ የሰው ሕይወት ያለበት እዚህ ላይ ነውና። በገበያው ላይ «የደም ስኳር ይለካል» ተብለው የሚሸጡ ሰዓቶች አሉ። መርፌ የለ፣ ደም የለ፤ እጅ ላይ አስሮ ቁጥር ማንበብ ብቻ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቆዳ ሳይወጉ በራሳቸው የደም ስኳር እንዲለኩ የፈቀደላቸው ሰዓትም ቀለበትም አንድም የለም ብሏል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በሐሰት ቁጥር ተመርቶ መጠኑን ቢጨምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ዕቃ የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን ለሚያውቁት ሰው «ጣትህን ከመውጋት ትገላገላለህ» ብሎ መሸጥ ንግድ ሊባል አይገባም።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት በክንድ ላይ በሚነፋ መለኪያ ይለካል። ያለዚያ፣ በብርሃን ብቻ ገምተው ቁጥር የሚሰጡ መሣሪያዎችን የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር በ2022 ለምርመራም ሆነ ለሕክምና ውሳኔ እንዳይውሉ መክሯል። ግፊት ዝምተኛ በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። አሁን ልጅቱ ከዱባይ ሰዓት ላከች እንበል። አባት እጁ ላይ አሠረው። ሰዓቱ በየጠዋቱ «120 በ80» ይላል። «አባዬ፣ መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» ስትለው «ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ ይኸው ሰዓትሽ ደህና ነህ ይለኛል» ይላታል። በፍቅር የተላከ ስጦታ አባትን ከጤና ጣቢያ አስቀረ ማለት ነው። ሰዓት ባይኖረው ኖሮ ቢያንስ ይጠራጠር ነበር።

ከዚያ ወደ ኪስ። ስማቸው የታወቀ ሰዓቶች 400 ዶላር ገደማ ያወጣሉ፤ አፕል መደበኛውን ሰዓቱን 399 ዶላር ብሎ ያቀርባል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ በባንክ እንኳ ከ140 ብር አልፏል። ስለዚህ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ከ55,000 ብር በላይ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። አምስት ወር ሙሉ ሳይበላ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ቢያስቀምጥ ማለት ነው። ርካሾቹ በበኩላቸው ርካሽ ናቸው፤ እርምጃና የልብ ምት በልክ የሚቆጥሩ ከ50 ዶላር በታች የሆኑ የታወቁ ምርቶች አሉ። ከእነሱ ጎን ግን የውድ ሰዓት ቅርጽና አርማ የለበሱ ቅጂዎች ተደርድረዋል። ገዢው ሊሞክረው የሚችል ቀላል ፈተና አለ፤ በርግጠኝነት ባይለይም። ሰዓቱን ክንዱ ላይ ሳይሆን ሙዝ ላይ ወይም ጥቅል ሶፍት ላይ ይሰረው። ታዋቂ ምርቶችም አንዳንዴ በዚህ ይሸወዳሉ። ለሙዙ የልብ ምት የቆጠረ ሰዓት የደም ግፊትም ቢሰጠው ሊገርም አይገባም።

አንድ ሌላ ዋጋ ደግሞ በብር አይቆጠርም። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ስትራቫ የተባለው የሯጮች መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መንገዶች በዓለም ካርታ ላይ አውጥቶ ነበር። በጥር 2018 ሰዎች ካርታውን ሲያዩ ድብቅ የጦር ሰፈሮች በወታደሮች የማለዳ ሩጫ ተሥለው ተገኙ። ወታደር ከቻለ፣ ጋዜጠኛም ሆነ ተራ ሰው የት እንደሚያድር፣ ስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጣ በዚያው መንገድ ይታወቃል። ጉግል ፊትቢትን በ2021 በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ የወሰደው ለእጅ ጌጥ ብቻ ብሎ ነው የሚል ካለ ይመን። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ ግን መረጃው የሚቀመጠው በውጭ አገር ኩባንያ ማሽን ላይ ሲሆን አዋጁ እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ገዢው ሳይጠይቅ «እስማማለሁ» የሚለውን ይጫናል።

ታዲያ ማን ይግዛ? ሱሉልታና ሰንዳፋ ላይ በፕሮግራም የሚሠለጥን ሯጭ ፍጥነቱንና ርቀቱን በጂፒኤስ ይፈልጋል፤ ለእሱ የሥራ ዕቃ ነው። ልቡ አልፎ አልፎ ያለ ሥርዓት የሚመታበትና ሐኪሙ «ተከታተለው» ያለው ሰውም ሊጠቀም ይችላል። በ419,297 ሰዎች ላይ የተደረገው የአፕል የልብ ጥናት ለ2,161 ሰዎች ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ከዚያ ተልኮላቸው የልብ መቅጃ ፕላስተር ለጥፈው ከመለሱት 450 ሰዎች በ34 በመቶው ላይ የምት መዛባቱ ተገኝቷል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ግን ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ከ200 ሰው አንድ ገደማ ብቻ መሆናቸውም ይታወስ። ደግሞም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በየአገሩ ፈቃድ የሚከፈቱ ናቸውና ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን ሳያጣራ ለዚያ ብሎ የሚከፍል ሰው ላልተከፈተ በር ቁልፍ ገዛ።

የቀረው ሰው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውለው። ለአባት የሚላክ ስጦታ ከተፈለገ በክንድ ላይ የሚነፋ፣ የተመሰከረለት የደም ግፊት መለኪያ ከ50 ዶላር በታች ይገኛል። ያ መሣሪያ አያምርም፤ ሠርግ ላይ አይታይም፤ መልእክት አያነብም። ግን እውነት ይናገራል፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይለካል፣ የጻፈው ቁጥር ሐኪም ፊት ይቀርባል። መለኪያውን መግዛት ያልቻለ ደግሞ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ በደቂቃዎች ይለካል። ለእንቅስቃሴው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ ይበቃዋል። የግድግዳ ሰዓት ያለው ቤት ሁሉ ይህን መቁጠር ይችላል።

ሻጮቹም አንድ ነገር ይጠየቁ። «ግፊትና ስኳር ይለካል» የሚለውን ከማስታወቂያቸው ያውጡ። ያንን አውጥተው የሚሸጡት ዕቃ ቆንጆ የእጅ ሰዓት ነው፤ በቆንጆ ሰዓትነቱ ይሸጥ፣ የወደደም ይግዛው። የማይቆጣጠር መንግሥትም ይጠየቅ፤ መድኃኒት ያለ ፈቃድ መሸጥ ወንጀል በሆነበት አገር የሐሰት የስኳር መለኪያ በጠራራ ፀሐይ በየሱቁ መቸብቸቡ ሊቆም ይገባል። እስከዚያው ድረስ ግን ውሳኔው የገዢው ነው። ሱቅ ሄዶ «ይህ ሰዓት የደም ግፊት ይለካል?» ብሎ ይጠይቅ። «አዎ» ካሉት፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይለካ፣ ከዚያ ሰዓቱን አጠገቡ አስቀምጦ ያወዳድር።