ከመግሪብ በኋላ የምታበራ ፀሐይ



አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ካገራቸው ፍጥረታት አንዷ ፀሐይ ናት። ሙቀቷ እንዴት መብራት እንደሚሆን ለመረዳት ዛሬ ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ወርዛዛት በረሃ እንጓዛለን። በዚያ «ኑር» የተባለው ጣቢያ የመጀመሪያ ክፍል በ2016 እ.ኤ.አ. ተመርቋል።

ግማሽ ሚሊዮን ያህል መስተዋቶች እንደ ገንዳ ጎብጠው የፀሐይን ጉዞ ይከተላሉ። ጨረሯን በፊታቸው በተዘረጋው ቧንቧ ላይ ሲሰበስቡ በውስጡ የሚያልፈው ዘይት እስከ 390 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። የዘይቱ ሙቀት ውሃን ያፈላል፤ እንፋሎቱም ተርባይን ያሽከረክራል። የተረፈው ሙቀት በታንከር ውስጥ ባለ የቀለጠ ጨው ይጠራቀማል። ከመግሪብ በኋላ ለ3 ሰዓት ያህል ኃይል የሚገኘው ከዚሁ ነው። ሱብሓነላህ!

ይሁን እንጂ መስተዋቶቹ ከአቧራ መታጠብ፣ እንፋሎቱም መቀዝቀዝ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ውሃ የሚቀዳው የድርዓ ሸለቆ ገበሬዎች ተምራቸውን ከሚያጠጡበት ግድብ ነው። ስለዚህ ቀጥለው የተሠሩት ሁለት ክፍሎች ውሃ ለመቆጠብ በአየር እንዲቀዘቅዙ ተደረገ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ሳይንስን ሲማሩ አንዱን ኒዕማ ለማግኘት ሌላውን ማባከን እንደማይገባ አብረን እናስተምራቸው። ወላሁ አዕለም።