ውሃውን ወዴት ልትሰዱት ነው?

የፀዳ አባቶች፣ እኩዮቼ፤

ሰኔ ሳይገባ ይህን ልበላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢያችን ጭቃ እየሆነ ስላስቸገረ ልጆቻችን ዶማ አንስተው ቦይ ሊቀዱ ነው። ማሰባቸው ደግ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ግቢ የወጣው ውሃ ከሌላው ማድቤት ሲገባ ለሽምግልና የምንጠራው እኛው ነን። ከወዲሁ እንናገር።

መሬታችን ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድንጋይ ብትሞሉበት ይሰርጋል የሚላችሁን አትስሙ፤ ያ ጉድጓድ በሐምሌ ኩሬ ነው። ዋልካ ላይ ውሃ የሚሄደው ተዳፋት ሲያገኝ ነው። ለ20 ሜትር ቦይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ያስፈልገዋል። ይህ በዓይን አይገመትም፤ ግንበኛ ጠርታችሁ ውሃ በሞላ ቀጭን ጎማ ልኩን አስይዙ። ቦዩን ከቤቱ አርቁት፤ ከመሠረቱ በታች ከወረደ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ከሽንት ቤት አጠገብም አታሳልፉት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የቦዩ መጨረሻ ነው። እርሻ ላይ ፈሰስ ስናወጣ ሰያፍ የምናስይዘው ለምንድን ነው? ቁልቁል ቀጥ ካለ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ሆኖ የታችኛውን ማሳ ስለሚበላ አይደለም? የግቢ ቦይም ያው ነው። አፉ ላይ ድንጋይ ካልተነጠፈ መሬቱን እየናደ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ውሃው መውጫ አጥቶ ከተኛ ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባበታል። የወባ ወረርሽኝ ደምቢያን ምን እንዳደረገ ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ያ ወረርሽኝ ነበር።

ስለዚህ ማንም ለብቻው አይቆፍር። የላይኛው ከታችኛው ጋር ይቀመጥ፤ የየግቢው ቦይ የሚገባበት የጋራ መውረጃ ይለይ፤ ከመንገድ ዳር ቦይ ጋር የሚገናኝ ከሆነም ቀበሌ ይጠየቅ። ከተቆፈረ በኋላ ደግሞ ደለሉን በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሚጠርግ ተራ ይውጣ።

በዕድርና በማኅበር አንድ የሆንን ሰዎች በጎርፍ ተካሰን ፍርድ ቤት ብንቆም፣ ጥፋቱን በቆፈረው ልጅ ላይ አታሳብቡ። እያየ ዝም ያለው ሽማግሌ ነው የሚጠየቀው።