ሳይለኩ የፈረሱ ቤቶች

የፒያሳ ልጆች ዛሬ ዛሬ ሲገናኙ የሚከራከሩት በአንድ ነገር ነው፤ የእነ እገሌ ቤት የቱ ጋ ነበር? በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሳ ቤቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ቅያሶቹም አብረው ጠፍተዋል። አንዱ «ከዳቦ ቤቱ ከፍ ብሎ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ የለም፣ ከቧንቧው ወረድ ብሎ» ይላል። ዳቦ ቤቱም ቧንቧውም ስለሌሉ ክርክሩን የሚዳኝ ምልክት የለም።

እኔ ስለዚያ ሰፈር ሳወራ የማወራው ስለ አያቶቼ ቤት ነው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ የሆነ ባለ አንድ ደርብ ቤት ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ የህንድና የአርመን ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው ባለሙያ ጋር እየሠሩ ያስለመዱት ዓይነት ነው፤ በረንዳው ጥርብ እንጨት፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። የግድግዳው ማገር በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ምርጊቱ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ቀለሙ ኖራ ነው። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዴ ስለነበር በየክረምቱ ዝናቡ ቡናማ ካርታ ይስልበት ነበር። ሴት አያቴ በደርቡ ላይ የት የት ሳፋ እንደሚቀመጥ በጨለማም ያውቁት ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በሩ ነው። ወንድ አያቴ የልጆቻቸውን ልደት የሚጽፉት ከበሩ ጀርባ ነበር፤ በእርሳስ፣ ቀኑን፣ የክርስትና ስሙንና የዓመቱን ወንጌላዊ ሳያስቀሩ። እናቴ በዘመነ ማርቆስ፣ በኅዳር ጽዮን ማግስት መወለዷን የምናውቀው ከዚያ ሳንቃ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በቤታችን ከመታወቁ በፊት መዝገባችን እሱ ነበር። ቤቱ ሊፈርስ ሲል እናቴ «በሩን ብቻ ስጡኝ» ብላ ለመነች። ቦታውን የሚያጸዳው ሥራ ተቋራጭ ግን እንጨቱን ቀድሞ ለማገዶ ሸጦታል።

ቤቱ በ2016 ብቻ ፈረሰ ማለት ግን ልክ አይመስለኝም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። አያቶቼም ከአንድ ነጋዴ ተከራይተው የገቡበት ቤት የቀበሌ ሆነ። ለስንቱ ድሀ መጠለያ የሆነ፣ እኔንም ያሳደገ አዋጅ ነውና አልረግመውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እነዚያ ቤቶች የሚቆረቆርላቸው ባለቤት አላገኙም። ተከራዩ አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ቀበሌው ከሚሰበስባት ኪራይ የሚያድስበት ገንዘብ የለውም። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤት በኮምፔንሳቶ እየተከፋፈለ አራት አምስት ቤተሰብ ያዘ። ከአርባ ዓመት በላይ ጠጋኝ ያጣ ጭቃ ቤት «ያረጀና ለኑሮ የማይመች» ሲባል ማን ይከራከራል? እውነትም አርጅቷል። እንዲያረጅ ተትቷል።

ኑሮው ምቹ ነበር የሚል ሰው ካለ አልኖረበትም። የጋራ ሽንት ቤት በሌሊት፣ በዝናብ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮንዶሚኒየም የገቡ ጎረቤቶቻችን ውሃ ከቤታቸው መቅዳታቸው ያስደስተኛል። ዕድራቸው ግን ተበትኗል፤ ዛሬ ለቀስተኛው ከከተማው አራት ማዕዘን በታክሲ እየተጠራራ ነው የሚሰበሰበው። የእኔ ቁጭት ቤቱ እያፈሰሰ ይቁም ነበር የሚል አይደለም። ሜትር የያዘ አንድ ሰው ሳይለካው፣ ፎቶግራፍ ሳይነሳ፣ ማን እንደኖረበት ሳይጻፍ ለምን ፈረሰ ነው የምለው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ልባችን ግን ቅርስ ሲባል ወደ ባለማዕረጉ ደጅ ነው የሚሄደው። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ከተማው ሁሉ ደነገጠ፤ ታድሶም ሥራውን ቀጠለ። ሁለቱም የሚገባቸው ነው። በእኛ ደርብ ግን ራስም ደጃዝማችም አልኖረበትም፤ የኖሩበት ልብስ ሰፊ፣ ጠጅ ጣይ፣ የመንግሥት ተላላኪና አስተማሪ ናቸው። ከተማዋን የሠሯት እነሱ ሆነው ሳለ የእነሱ ቤት ታሪክ አይደለም መባሉን አልቀበልም። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከግንቡና ከመስጊዶቹ ጋር የተቆጠረለት የነዋሪው መኖሪያ ቤት ነው፤ ከነነደባው (ከነመቀመጫ መደቡ)፣ ከነግድግዳው አሠራር። የአሚር ቤት ካልሆነ አይቆጠርም ያለ የለም።

ስለዚህ ለከተማው ሹማምንት የምለው ይህ ነው። በሌላ ሰፈር ግድግዳ ላይ የማፍረሻ ምልክት ከመቀባቱ በፊት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችን ላኩ። ቤቱን ይለኩ፣ ፕላኑን ይሳሉ፣ የነዋሪውን ቃል ይቅረጹ፤ ሥራቸውም ወመዘክር ገብቶ ልጅ ልጆቻችን የሚያነቡት ይሁን። ከዶዘሩ ነዳጅ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ የቤተሰባችሁ አሮጌ ቤት ጉለሌ ይሁን ደሴ፣ ጅማ ይሁን ድሬዳዋ፣ ዛሬም ቆሞ ከሆነ በዚህ ሳምንት እሁድ ሂዱ። በስልካችሁ እያንዳንዱን ክፍል፣ በሩን በፊትም በኋላም አንሱት። እናታችሁን የት እንደተወለደች፣ ቡናው የት ይፈላ እንደነበር ጠይቁና በቃሏ ጻፉት። ምልክት እስኪቀባበት አትጠብቁ።